ሚስ ዓለምና ካሪ የሌለባት ሕንድ

ባለፈው መስከረም ከሂውስተን አንዲት ሴት ኮል አደረገችልኝ። «አስቴር ነሽ? እኔ ሱዛን ነኝ፣ የሚስስ አለያማ ልጅ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። የቀረውን ሳትነግረኝ ገባኝ። እናቷ አርጅተው ነበር፤ እንደተኙ ነው ያረፉት። ሱዛን አላለቀሰችም። አነጋገሯ የእናቷ ነው፣ ቀጥ ያለ። «በቀብሩ ላይ ከሲያትል ተማሪዎቿ አንድ ሰው እንዲናገር እንፈልጋለን። መጀመሪያ ያሰብነው አንቺን ነው» አለች።

ሄድኩ፤ ተናገርኩም። ግን የተናገርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተሰጠኝ ጊዜም አጭር ስለነበር በልቤ ካለው ግማሹን እንኳ ሳላወጣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሚስ ዓለም ደግሞ በአማርኛ ሊወራላቸው የሚገባ ሰው ነበሩ። ይኸው አሁን ላውራላቸው።

ስማቸው አለያማ ነው፤ በእነሱ አገር ኤልሳቤጥ እንደማለት ነው። የደቡብ ሕንድ ሰው ናቸው፤ ኮኮናት በየጓሮው ከሚበቅልበት ከኬራላ። ሕንዳውያን አስተማሪዎች በየክፍለ ሀገሩ በነበሩበት ዘመን ከባለቤታቸው ከሚስተር ቶማስ ጋር ደሴ ተመደቡ። እሳቸው ባልትና፣ ባለቤታቸው ሒሳብ እያስተማሩ ከአሥር ዓመት በላይ እዚያ ኖሩ። የደሴ ልጆች «አለያማ» ማለት ቢያስቸግራቸው «ሚስ ዓለም» አሏቸው፤ ባል አግብተው፣ ልጅ ወልደው «ሚስ» እንደተባሉ ቀሩ። አብዮቱ ሲመጣ ለቀው ሄዱ፤ ሌላ የአፍሪካ አገርም ጥቂት ሠሩ፤ በመጨረሻ ነርስ የሆነች እህታቸው ወደ ሲያትል አስመጣቻቸው። እዚህም ሐበሻ ባገኙ ቁጥር «ሚስ ዓለም በሉኝ» ይሉ ነበር። አማርኛቸው የወሎ ነው። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ የደሴ ጎረቤቶቻቸው እንደሚሉት «ወላሂ!» ብለው ይምሉ ነበር።

እኔ ሳውቃቸው ከካርቱም ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ በባስ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄጄ የምግብ ዝግጅት እማራለሁ። ሐሳቤ ከአልጋ ማንጠፍ ወደ ሆቴሉ ኩሽና መሻገር ነበር።

የሚስ ዓለም ክፍል የገባሁት ዝናብ ሲደበድበኝ ውሎ ነው። ከፊት አንዲት አጭር ሴት ቆመዋል። ሳሪ ለብሰዋል፤ ከላዩ የወንድ ጃኬት ደርበዋል፤ ከታች ደግሞ የዝናብ ቦት ጫማ አድርገዋል። የሳሪያቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ለየሰዉ ሽንኩርት ያድላሉ። ከፊቴ የቆመ አንድ ግዙፍ አሜሪካዊ ሽንኩርቱን እንደ ማገዶ ሲፈልጠው አየሁና ለራሴ፣ በአማርኛ፣ «ኤዲያ! ይሄ ደግሞ ሽንኩርት መክተፍ ይባላል?» አልኩ።

ሚስ ዓለም ዞር እንኳ ሳይሉ «ተይው፣ ይማራል። አንቺም ስትጀምሪ እንዲሁ ነበርሽ» አሉኝ።

ቢላዋው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ቀና ስል ፈገግ ብለው ያዩኛል።

«ከወዴት ነሽ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ምነው ከደሴ በሆንሽ!» አሉና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ሽንኩርቱን ይፈልጥ የነበረው ሰውዬ ዳን ይባላል። አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ሲቀባ የኖረ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከተሰናበቱት አንዱ ነው። በዕድሜ ከሚስ ዓለም ብዙም አያንስም። ሚስቱ «ወይ ሙያ ተማር፣ ወይ ከኩሽናዬ ውጣልኝ» ብላ እንደላከችው እየሳቀ ይናገራል። የማይስቅበት ነገር ቢኖር አፍንጫው ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት ቀለም በኋላ ጠረን የሚባል ነገር አይሰማውም። ጨው፣ ስኳር፣ ኮምጣጣ፣ መራራ፣ ይህን ምላሱ ይለያል፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ አንድ ነው። ለሚስ ዓለም በመጀመሪያው ሳምንት በግልጽ ነገራቸው። እሳቸውም «ኦኬ፣ እናየዋለን» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያ ክፍል በኮሌጁ መዝገብ «የሕንድ ምግብ» ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ካሪ የምንሠራው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሚስ ዓለም ከመደርደሪያው ‹ካሪ› ተብሎ የሚሸጥ የተደባለቀ ቅመም፣ ቢጫ ዱቄት ያለበትን ጠርሙስ አወረዱና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

«አስቴር» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሱቅ ስትገቢ ‹የአፍሪካ ወጥ› የሚል ዱቄት በጠርሙስ ብታገኚ ትገዢያለሽ?»

«አልገዛም።»

«ለምን?»

«የማን ወጥ እንደሆነ አላውቅማ!»

«ይኸው!» አሉና ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሱት። «ሕንድ የምትባል አንድ ድስት የለችም። ምድጃው ብዙ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ምግብ ሁሉ ከነአገሩ ስም ይጠራል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ካሪ» የሚል ሰው ሳህን ያጥባል ተባለ። መጀመሪያ ያጠበው ዳን ነበር።

ሚስ ዓለም የየሕንዱን አገር ምግብ ሁሉ መሥራት ይችሉ ነበር። ግን ከኬራላ ውጭ ያለውን ክፍል ውስጥ ማስተማር አይወዱም። «እኔ እንግዳ ነኝ፤ የምግቡ ባለቤት ታስተምራችሁ» ይላሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የፈለገ ተማሪ በአሮጌው መኪናቸው ታጭቆ ሰው ቤት ይሄዳል። የሚነዱት ሚስተር ቶማስ ናቸው። ደርሰን ፓርክ ካደረጉ በኋላ ጋዜጣቸውን ዘርግተው መኪና ውስጥ ይቀራሉ፤ ብቅ የሚሉት ምግቡ ሲቀርብ ነው። እንዴት ሰዓቱን እንደሚያውቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መጀመሪያ የሄድነው ከእኔ ሆቴል ብዙም የማይርቅ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ያለ ሞቴል ነው። ባለቤቶቹ ከምዕራብ ሕንድ፣ ከጉጃራት የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ የምታበስለው ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ደወል ሲጮህ በዱቄት እጇ ትወጣና ቁልፍ ሰጥታ ትመለሳለች። ሽሮ እንጂ ሌላ ይወጣዋል ብዬ ያላሰብኩትን የሽምብራ ዱቄት አቡክታ፣ በእንፋሎት አብስላ፣ ቢጫ፣ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ዳቦ አደረገችው። ከላይ የጋለ ዘይት ውስጥ የተንጣጣ የሰናፍጭ ፍሬና ድንብላል ቅጠል በተነችበት። አፌ ውስጥ ሳደርገው መጀመሪያ ኮመጠጠኝ፣ ቀጥሎ ጣፈጠኝ፣ ከዚያ ጠፋ። ምስሩ ሲመጣ ግን ደነገጥኩ።

«ሚስ ዓለም» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በአማርኛ፣ «ሴትዮዋ ተሳስታ ወጡ ውስጥ ስኳር ጨምራለች መሰለኝ።»

«አልተሳሳተችም። ዝም ብለሽ ብዪ።»

«ምስር እኮ ነው!»

«በመጀመሪያው ጉርሻ አትፍረጂ። ቆይ ብዪ።»

ቆየሁ። ጥቂት ጎረስኩና ሳህኔን ለድጋሚ ዘረጋሁ። ሚስ ዓለም አላሾፉብኝም። እሳቸው ራሳቸው ከሴትዮዋ ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጠው «እንፋሎቱ ምን ያህል ይቆያል? ክዳኑን ለምን በጨርቅ ጠቀለልሽው?» እያሉ እንደ ጀማሪ ይጠይቁ ነበር። አስተማሪ እንዲህ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበርና ገረመኝ።

ከሰሜን ሕንድ የመጡ ፑንጃቦች ቤት ጎመን በበቆሎ ቂጣ በላን፤ እኔ እንግድነት እንኳ አልተሰማኝም። የማይረሳኝ ግን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ የሚኖሩ ወጣት ቤንጋሎች ቤት ያየሁት ነው። ከምሥራቅ ሕንድ የመጡ የወንዝ አገር ሰዎች ናቸው፤ ያለ ዓሣ አይሆንላቸውም። አንዷ ልጅ ሰናፍጭ ፈጭታ፣ በቃሪያ ለውሳ፣ ሳልመን የሚባለውን የሲያትል ዓሣ በዚያ ሸፍና አበሰለችው። ዳን አንድ ትልቅ ቁራጭ ጎረሰና ቆመ። ፊቱ ቀላ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁላችንም እሾህ የወጋው መስሎን ተነሣን። እሱ ግን አፍንጫውን በጣቱ እየነካ «ተሰማኝ» አለ። «እዚህ ጋ ተሰማኝ!»

ለዓመታት ምንም ያልገባበት አፍንጫ ነው። ጠረኑ ይሁን ማቃጠሉ ብቻ ይሁን እንጃ፤ እሱም አያውቀውም። ሚስ ዓለም ሌላ ቁራጭ አነሡና እሾሁን በጣታቸው ለቅመው ሳህኑ ላይ አደረጉለት። «ብላ፣ ብላ» አሉት በአማርኛ። በዚያ ቅጽበት እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው ነበር።

በየካቲት የኮሌጁ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ኃላፊ ሚስ ዓለምን ጠራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጥር ያስጨንቀዋል። እኔ ድስት ስመልስ በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። የተመዘገበው ተማሪ ጥቂት ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ በሚቀጥለው ጊዜ ክፍሉ አይከፈትም። በዚያ ላይ የአካባቢው ኮሌጆች የተማሪዎች የምግብ ውድድር ደርሷል፤ ኮሌጁ ባለፈው ዓመት ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። «አንድ ጥሩ የዶሮ ካሪ ይዘሽ ግቢ። ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ዳኞቹም የሚያውቁት እሱን ነው። ክፍልሽንም ያድነዋል» አላቸው።

«ካሪ አንሠራም» አሉት።

«ክፍሉ ቢዘጋስ?»

«ከተዘጋም በትክክለኛው ምግብ ይዘጋ።»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። መስማቴን አውቀዋል። «ፈራሁ፣ ወላሂ ፈራሁ» አሉኝ በአማርኛ። «ይህችን ሥራ ካጣሁ ሌላ የሚቀጥረኝ የለም። ግን አፌ አንዴ ተናገረ፣ ምን ላድርግ?» እንዲያ ሆነው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለውድድሩ አንድ ክፍል ሁለት ተማሪ ይልካል። በማግስቱ ክፍል ገብተው «ዳንና አስቴር» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። የሚያስቅ ነገር ነበረው። ውድድሩ የዋለው ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነው፤ እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ከተሰጠን ደንብ አንዱ ደግሞ ዶሮ የግድ ይኑርበት ይላል። የምሠራውን አልቀምስም ማለት ነው። ዳን ደግሞ ይቀምሳል እንጂ አያሸትም። አንዱ ልጅ «አንዷ የማትበላ፣ አንዱ የማያሸት!» አለ።

«እሷ ታሽታለች፣ እሱ ይቀምሳል። አንድ ላይ ሙሉ ሰው ናቸው» አሉ ሚስ ዓለም።

ኃላፊውም ሰምቶ መጣ። ሳይቀምሱ ማብሰል እንዴት ይሆናል ብሎ ተከራከረ። ሚስ ዓለም ሳቁበት። እሳቸውም ይጾሙ ነበር። የእነሱ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ አንድ ዘር ናት፤ የዐቢይ ጾም ሲሆን ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይነኩም። «የፋሲካን ዶሮ ቅዳሜ ማታ ቀምሶ የሚሠራ ሰው በደሴም የለም፣ በእኔም አገር የለም። እሑድ ግን ጣቱን የማይልስ የለም» አሉት። ሰውየው የተረዳ አልመሰለኝም፤ ግን ተወን።

የምንሠራውን እሳቸው መረጡ። ከጉጃራት የሽምብራውን ዳቦ፣ ከቤንጋል ሳልመን በሰናፍጭ፣ ከኬራላ ደግሞ አፓምና ነጭ የዶሮ ወጥ። አፓም ከሩዝና ከኮኮናት ተቦክቶ የሚያድር፣ መሐሉ ወፈር ያለ ዓይናማ፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የሳሳ ቂጣ ነው። ነጩ ወጥ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ነው፤ በርበሬ አይነካውም፣ ቀለሙም መለወጥ የለበትም። ኬራላ ያሉ ክርስቲያኖች ፋሲካን የሚፈቱት በዚህ ነው። ሚስ ዓለም በእሱ ቀልድ አያውቁም።

ቡኮው አስቸገረን። የሲያትል ብርድ እርሾ የሚያስነሣ አይደለም፤ ደጋግመን ሞክረን ደጋግሞ ተኛ። በመጨረሻ ባልዲውን እኔ የምሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከማድረቂያዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። የማጠቢያው ኃላፊ እትዬ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናቸው፤ በእኔ አንሶላ ላይ ቁጡ ናቸው፤ በቡኮም ጨዋታ አያውቁም። ከውድድሩ በፊት በነበረው ጠዋት ስገባ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ «ነይ እዪው፣ ተነሥቷል! የሌሊት ተረኛዋ ሁለት ጊዜ እንድታየው አድርጌያለሁ» አሉኝ።

የውድድሩ አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ነበር። ምድጃዎቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ አስተማሪዎች ከገመድ ወዲያ ይቆማሉ። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ አስተማሪ ቃል ቢናገር ወይም በእጁ ምልክት ቢሰጥ ቡድኑ ይሰረዛል። ይህን ሲነበብ ዳን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አለቀልን። እሷ ዝም ማለት አትችልም» አለኝ። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር።

የሽምብራው ዳቦ ተነፋ። ዓሣውን ዳን ያዘው፤ ሰናፍጩን ራሱ ፈጨ። ዶሮው የእኔ ነው። ድስቱን አግዬ የተከተፈውን ሽንኩርት ጨመርኩና ማማሰል ጀመርኩ። ቀና ስል ሚስ ዓለም ዓይናቸው ፈጧል። የሳሪያቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተዋል።

ወደ ድስቱ ተመለከትኩ። ዘይት የለበትም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ መጀመሪያ የኮኮናት ዘይት፣ ቀጥሎ ቅመሙ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ነበር። እጄ ግን ሳይጠይቀኝ ቤቴ የማውቀውን አደረገ፤ ሽንኩርቱን በደረቁ አበሰለ። እንደገና ለመጀመር ሌላ የተከተፈ ሽንኩርት የለም። ቀለም ከያዘ ደግሞ ወጡ ነጭ አይሆንም።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ዳን።

«ምንም። እሳቱን ቀንስልኝ፣ ቶሎ!»

ትንሽ ትንሽ ውኃ ጠብ እያደረግሁ፣ እያማሰልኩ፣ ሽንኩርቱ ሳይቀላ እስኪሟሟ ድረስ አልተላቀቅኩትም። ከዚያ ዘይቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ሄሉን፣ ቅርንፉዱን፣ ቀጥሎ ዶሮውንና የኮኮናቱን ወተት ጨመርኩ። ጠረኑን አሸተትኩ። የሚስ ዓለም ወጥ ጠረን ነው፤ ግን ሌላም ነገር አለበት፣ ጣፈጥ ያለ። ዳን በማንኪያ ቀምሶ «ጨው ትንሽ» አለ። ጨመርኩ። እንደገና ቀመሰና ማንኪያውን ላሰው። ሚስ ዓለም ይህን ሁሉ ጊዜ ከገመዱ ወዲያ ሐውልት ሆነው ቆመዋል። አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ዳኞቹ ቀረቡ። አንደኛው የትልቅ ሆቴል ሼፍ ነው፤ ነጩን ወጥ ቀምሶ «ስኳር አለበት?» አለኝ። የለበትም አልኩት። እንደገና ቀመሰ። ሁለተኛዋ ሕንድ አገር ተዘዋውሬያለሁ የምትል ወይዘሮ ናት። ሦስቱንም ሳህን አየች፣ ቀመሰች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ካሪው የታለ? ካሪ የሌለባት ሕንድ አላውቅም» አለች።

ዳን ሊመልስ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። እንግሊዝኛዬ ያኔ ስብርብር ያለ ነው። ቢሆንም ይህ መልስ የእኔ ነበር።

«ማዳም» አልኩ፣ «ይህን ቢጫውን ያስተማረችኝ ከደረቅ አገር የመጣች ሴት ናት፤ ወጧ ውስጥ ስኳር ትጨምራለች። ዓሣውን ያስተማረችን የወንዝ አገር ልጅ ናት። ነጩ የአስተማሪዬ አገር የፋሲካ ምግብ ነው። አንዱ ይጣፍጣል፣ አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ለስላሳ ነው። ሁሉንም በአንድ ስም ብጠራቸው ያስተማሩኝ ሰዎች ያዝናሉ። እኔ የመጣሁት ከኢትዮጵያ ነው፤ የእኔንም ምግብ አንድ ዱቄት ነው ቢሉብኝ አዝናለሁ።»

ሴትዮዋ ሹካዋን አነሣችና «ነጩን እንደገና ልቅመሰው» አለች። ወደ ገመዱ አየሁ። ሚስ ዓለም ሳሪያቸውን ከአፋቸው አውጥተው ዓይናቸውን እየጠረጉበት ነበር።

ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ የወጡት ከሌላ ኮሌጅ የመጡ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ከዶሯቸው ሌላ ሳልመን በሊጥ ጠቅልለው ጋግረው ነበር። የእኛ ሰዎች ሊያጽናኑን ሲከቡን ሚስ ዓለም «ቆይ፣ ቆይ» ብለው እጃችንን ያዙና ወደ አሸናፊዎቹ ምድጃ ወሰዱን። ጾም ላይ ስለሆኑ አልቀመሱም፤ ዳንን አስቀመሱት። «እንዴት ነው? እውነቱን ተናገር» አሉት። ዳን «በጣም ጥሩ ነው» አለ። ሁለቱን ልጆች ጨበጧቸው፤ ሊጡ ሥሩ እንዳይላቁጥ ምን እንዳደረጉም ጠየቋቸው። ልጆቹ ደስ ብሏቸው እየተቀዳደሙ ነገሯቸው። ስንመለስ «በሐቅ ነው ያሸነፉት። አሁን መኩራት ትችላላችሁ» አሉን። ኮራን።

ኃላፊውም ኮርቷል። ከነጩ ወጥ የተረፈውን ቆሞ በላ፤ አፓሙን ሳይቀር ጠረገው። ጋዜጣ ላይ አጭር ጽሑፍ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው ጊዜ ክፍሉን የሚመዘገብ ሰው ከወንበሩ በለጠ። ሚስ ዓለም ኃላፊው ቢሮ ገብተው በመዝገቡ ላይ ያለው ስም «የሕንድ አገሮች ምግብ» ተብሎ እንዲስተካከል አስደረጉ። እኔንም ሆቴሉ ከፎቁ አውርዶ ኩሽና አስገባኝ።

ስለ ሽንኩርቱ ግን ምንም አላሉኝም። እኔም አላነሣሁም።

በዚያ ዓመት የእኛም የእነሱም ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። ከሲያትል ወጣ ብላ ዴ ሞይን በምትባል ከተማ ያለው ቤታቸው ጠሩን። በመስኮቱ በኩል፣ በዛፎቹ መሐል ባሕሩ ብልጭ ይላል። ዳን ሚስቱንና አበባ ይዞ መጣ። ሚስተር ቶማስ ያለ ጋዜጣ ሳሎን ተቀምጠው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ሚስ ዓለም ገና ሰላም ሳልላቸው ወደ ኩሽና ጎተቱኝ። ሽንኩርቱ ተከትፏል፤ ድስቱ ምድጃው ላይ ነው።

«ያን ቀን ያደረግሽውን አድርጊ» አሉኝ።

«ሚስ ዓለም፣ ይቅርታ፣ እጄ ነው እኮ...»

«በዘይት እንዳትጀምሪ። ያን ቀን እንዳደረግሽው።»

«ያን ቀን ተናድደውብኝ ነበር?»

«ተናደድኩ እንጂ! ሳሪዬን ቀደድኩት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ሳልቀምስ ምን ብዬ እቆጣሻለሁ?»

ሠራሁ። ጎኔ ቆመው ዓይናቸውን ከድስቱ ላይ አልነቀሉም። ምግቡ ሲቀርብ አባቶች እንደሚያደርጉት ሚስተር ቶማስ ጸለዩ። እኔ ያን ወጥ ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነበር። ከመቅመሴ በፊት ግን እሳቸውን አየሁ። አፓሙን ቆርሰው ጠቀሱ፣ ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። እንደገና ጠቀሱ። ሦስተኛውን ሲጎርሱ ዳን መታገሥ አቅቶት «እ?» አለ።

«አስቴር» አሉኝ፣ «ውኃውን መቼ መቼ ነው የምትጨምሪው? ሽንኩርቱ ሲያርር ነው ወይስ ሳያርር?»

«ሊያርር ሲል።»

«ጠረኑ ነው የሚነግርሽ ወይስ ድምፁ?»

«ድምፁ። ሲንጫጫ ቆይቶ ዝም ይላል። ያኔ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና «አሃ» ብለው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። እኔም ወጡን ቀመስኩት። ጥሩ ነበር።

ክረምቱ አልፎ አዲሱ ክፍል ሲጀመር አንድ ከሰዓት የዕረፍት ቀኔ ነበርና ሰላም ልላቸው ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ክፍሉ ጢም ብሏል። ሚስ ዓለም በቦት ጫማቸው ምድጃው ፊት ቆመው ሽንኩርቱን በደረቅ ድስት ያማስላሉ፤ አንድ ጆሯቸውን ወደ ድስቱ አዘንብለዋል።

«በእኔ አገር እንዲህ አይደረግም» ይላሉ ለተማሪዎቹ። «ይህን የተማርኩት ከተማሪዬ ከአስቴር ነው። ኢትዮጵያዊት ናት። ዝም ሲል ስሙት፤ ያኔ ውኃ ጠብ ታደርጋላችሁ።»

ፊት ያለች አንዲት ልጅ የማብሰያ መጽሐፏን ገልጣ እጇን አወጣች። «እዚህ ግን መጀመሪያ ዘይት ይላል» አለች።

«ይላል» አሉ ሚስ ዓለም ማማሰላቸውን ሳያቆሙ። «መጽሐፉን የጻፈው ሰው አስቴርን አያውቃትም።»